ፈጣኑ መኪናና የዕቁቡ ገንዘብ



ዛሬ የማወጋችሁ ስለ መኪና ነው። ነገሩ እንግዳ አይሁንባችሁ። በዱባይና በሻርጃ የምትኖሩ ሁሉ እንደምታውቁት፣ በአገር ቤት የባለጸጋ ልጆች ብቻ ሲነዱት የምናየው ዓይነት ፈጣን መኪና፣ ዕድሜው ከገፋና ብዙ ኪሎ ሜትር ከሄደ በኋላ፣ እዚህ አንድ ሠራተኛ በቁጠባው ሊገዛው በሚችል ዋጋ ይሸጣል። በራስ አል ኾር የአሮጌ መኪና ገበያ ወይም በሻርጃው ሱቅ አል ሐራጅ አንድ ከሰዓት በኋላ የተዘዋወረ ሰው ይህን በዓይኑ ያያል። አንድ ነገር እጅግ ውድ ሲሆን ምኞት በሩቁ ይቆማል፤ ዋጋው ሲወርድ ግን ቀርቦ በራችንን ያንኳኳል። በዚያን ጊዜ ምን እናደርጋለን? ጥያቄው የመኪና ብቻ አይደለም፤ ይሁን እንጂ በመኪና ምሳሌነት ባየው ይቀለኛል፤ በእኔ ላይ የደረሰው በዚህ መንገድ ነውና።

እኔ በሙያዬ ሾፌር ነኝ። ለዐሥራ አንድ ዓመታት የሌላ ሰው መኪና ነድቻለሁ፤ የሌላ ሰው ልጆች ትምህርት ቤት አድርሻለሁ፤ የሌላ ሰው ዕቃ ጭኛለሁ። መሪውን በየቀኑ እይዛለሁ፤ ወዴት እንደሚዞር የሚወስነው ግን ሌላ ነው። በዚህ አላማርርም፤ እንጀራዬ ነው። ነገር ግን ከእናንተ መካከል በሌላ ሰው ወጥ ቤት የምታበስሉ፣ የሌላ ሰው ልጅ የምታሳድጉ፣ «ይህ የእኔ ነው» የሚያሰኝ አንድ ነገር መመኘት ምን ማለት እንደሆነ ሳልነግራችሁ ትረዱኛላችሁ።

ባለፈው ዓመት ልቤን የሳበው የ2011 ሥሪት ሱባሩ ኢምፕሬዛ ኤስ ቲ አይ ነበር። ሰማያዊ ነው፤ 214,000 ኪሎ ሜትር ሄዷል፤ ካምቢዮው ባለ ስድስት ማርሽ፣ ሞተሩ ባለ 2.5 ሊትር ቱርቦ። ከፋብሪካ ሲወጣ 300 ገደማ የፈረስ ጉልበት ነበረው፤ ሻጩ ግን «አሁን ከዚያ በጣም ይበልጣል» አለኝ። ማርሚታው ተለውጧል፣ የቱርቦው ግፊት ጨምሯል፣ የሞተሩ ኮምፒውተር እንደ ገና ተስተካክሏል፣ ሞላዎቹ አጥረው መኪናው ወደ መሬት ወርዷል። የተጠየቀው ዋጋ 34,000 ድርሃም ነበር።

ለምን ይህ መኪና? በምሥራቅ አፍሪካ ላደገ ልጅ የሱባሩ ስም ከአቧራ ጋር የተያያዘ ነው። በጎረቤታችን በኬንያ በሚካሄደው የሳፋሪ ራሊ በ1997 ኮሊን ማክሬ፣ በ2000 ደግሞ ሪቻርድ በርንስ ያሸነፉት በሱባሩ ኢምፕሬዛ ነው። መኪናው በአስፋልት ላይ ለመታየት ብቻ የተሠራ ሳይሆን እኛ በምናውቀው ዓይነት ቀይ አፈርና ድንጋይ ላይ የተፈተነ መሆኑ ለእኔ ትልቅ ነገር ነበር። የፊት ለፊት ተቃራኒ ሆነው የተኙት አራቱ ፒስተኖች የሚያሰሙት ድምፅ ከሌላ መኪና ጋር አይምታታም። መንገድ ዳር ቆማችሁ ሳታዩት ታውቁታላችሁ።

ቅዱስ ቶማስ አኲናስ ስለ አስተዋይነት ሲያስተምር ሦስት ሥራዎችን ይለያል፦ መምከር፣ መፍረድና ማዘዝ። መጀመሪያ ሰው ነገሩን ከየአቅጣጫው ይመረምራል፤ ቀጥሎ ከመረመረው ላይ ይፈርዳል፤ በመጨረሻም የፈረደውን ይፈጽም ዘንድ ራሱን ያዝዛል። ብዙዎቻችን ከምኞት በቀጥታ ወደ ማዘዝ እንዘላለን። ሌሎቻችን ደግሞ በምክር ላይ ለዓመታት ተቀምጠን ፍርድ አንሰጥም። እኔ በዚህ ቅደም ተከተል ለመሄድ ወሰንሁ፤ እናንተንም በዚያው መንገድ ልውሰዳችሁ።

ምክር ለመጠየቅ በሻርጃ የኢንዱስትሪ ሰፈር ለረጅም ጊዜ የሠራ አንድ የአገራችን መካኒክ ዘንድ ሄድሁ። በዕድሜ ስለሚበልጠኝ «ጋሼ» ብዬ እጠራዋለሁ። የመኪናውን ፎቶግራፍ ሳሳየው ገና ሳያየው እንዲህ አለኝ፦ «ወንድሜ፣ የተቀየረ መኪና ስትገዛ መኪናውን ብቻ አይደለም የምትገዛው፤ የቀየረውን ሰው ትዕግሥት ወይም ችኮላም አብረህ ነው የምትገዛው። ስለዚህ መጀመሪያ ሰውዬውን እንወቅ።»

ለሻጩ እንዳቀርብ የሰጠኝ ጥያቄዎች ለእናንተም ይጠቅማሉ። ሥራውን የሠራው ማን ነው? ደረሰኝ አለው? ኮምፒውተሩ የተስተካከለው በየትኛው ቤንዚን ነው? ኦሪጅናል ዕቃዎቹ የት ናቸው? የሞተሩ ቺንጊያ መቼ ተለወጠ? የመጨረሻው ጥያቄ ቀላል ይመስላል፤ ግን አይደለም። በዚህ ሞተር ቺንጊያው ከተበጠሰ ቫልቮቹና ፒስተኖቹ ይጋጫሉ፤ በአንዲት ቅጽበት ሞተሩ ያበቃለታል። በ160,000 ኪሎ ሜትር አካባቢ ወይም ከዚያ ቀደም ብሎ መለወጥ አለበት። 214,000 የሄደ መኪና የቺንጊያ ደረሰኝ ከሌለው፣ ወይ ተለውጦ ወረቀቱ ጠፍቷል፣ ወይ ሳይለወጥ ዕድል እየጠበቀው ነው። ሻጩ «ተለውጧል» አለኝ፤ ወረቀት ግን አላሳየኝም።

የቤንዚኑም ነገር እንደዚሁ ነው። በዚህ አገር ማደያ 91፣ 95 እና 98 ኦክቴን እንደሚሸጥ ታውቃላችሁ፤ ብዙዎቻችን «ስፔሻል» የሚባለውን 95 እንቀዳለን። ግፊቱ የተጨመረ ቱርቦ ሞተር ግን ለ98ቱ ተስተካክሎ ሳለ ባለቤቱ ጥቂት ፍልስ ለማትረፍ 95 ቢቀዳበት፣ ካንዴላው ካቀጣጠለው እሳት ተለይቶ ነዳጁ በራሱ ይፈነዳል። ይህ ፍንዳታ በዚህ ሞተር ውስጥ ደካማ ቦታ ያገኛል፦ ፋሻዎቹ የተቀመጡበት የፒስተን ጠርዝ ይሰነጠቃል። መካኒኮች በተለይ አራተኛውን ሲሊንደር የሚጠረጥሩት ስለዚህ ነው።

በዚህ ላይ የአየሩን ሙቀት ጨምሩበት። ቱርቦ ከሞተሩ በሚወጣው ጭስ ኃይል እየዞረ አየርን በግፊት ወደ ሞተሩ ያስገባል፤ አየር ሲጨመቅ ደግሞ ይሞቃል። ስለዚህ ወደ ሞተሩ ከመግባቱ በፊት የሚያቀዘቅዘው ክፍል አለ። በዚህ ሱባሩ ላይ ያ ክፍል የተቀመጠው ከሞተሩ በላይ፣ ኮፈኑ ላይ ካለው ቀዳዳ ሥር ነው። መኪናው ሲሮጥ ነፋስ ያገኛል፤ በሐምሌና በነሐሴ በሻርጃ መንገድ መጨናነቅ ውስጥ ሲቆም ግን ከበታቹ የሞተሩ ሙቀት፣ ከበላዩ የፀሐዩ ሙቀት ይጠብሰዋል። በቀዝቃዛ አገር ደኅና የሚሠራ ማስተካከያ እዚህ የሞተር ጠላት ሊሆን ይችላል። ለባሕረ ሰላጤ ገበያ የተሠራና ከአሜሪካ በአሮጌነት የመጣ መኪና በዋጋ የሚለያዩትም ያለ ምክንያት አይደለም። ከአሜሪካ ከሚመጡት መካከል በአደጋ ምክንያት ኢንሹራንስ የጣላቸው አሉና፣ ባለ 17 ፊደልና አኃዝ የሆነውን የሻንሲ ቁጥር ወስዶ ታሪኩን ማስፈተሽ ተገቢ ነው። የዳሽቦርዱ ቆጣሪ በማይል ይሁን በኪሎ ሜትር መቁጠሩንም ተመልከቱ፤ 133,000 ማይል ማለት 214,000 ኪሎ ሜትር ነውና።

ቀጥሎ ሕጉ አለ። ያለ ፈቃድ ሞተርን ወይም ሻንሲን መለወጥ በኤምሬቶቹ የትራፊክ ደንብ 1,000 ድርሃም ያስቀጣል፤ 12 ጥቁር ነጥብ ያስመዘግባል፤ መኪናውን ለ30 ቀን ያስይዛል። ለእኔ ከገንዘቡ ይልቅ ያስፈራኝ ነጥቡ ነው፤ 24 ነጥብ የሞላበት ሰው መንጃ ፈቃዱ ይታገድበታልና። ለሾፌር መንጃ ፈቃድ እንጀራ ነው። በዱባይ ደግሞ በ2023 በወጣው ድንጋጌ መሠረት ፍጥነት ለመጨመር ወይም ድምፅ ለማሰማት ተለውጦ የተያዘን መኪና ለማስለቀቅ 10,000 ድርሃም ይጠየቃል። ሻጩን ስለ ዓመታዊው ምርመራ ስጠይቀው ፈገግ ብሎ፣ «ለምርመራው ቀን ኦሪጅናሉን ማርሚታ እንገጥማለን፤ ማግስቱን እንመልሰዋለን» አለኝ። ያ መልስ ስለ መኪናው ብዙ ነገረኝ። ሙልኪያውን ለማሳደስ በየዓመቱ መደበቅ ያለበት መኪና ባለቤቱን በየዓመቱ ያስዋሸዋል። አደጋ ቢደርስም የኢንሹራንሱ ኩባንያ ስላልተነገረው ለውጥ ይጠይቃል፤ ካሣውን ለመከልከልም ምክንያት ያገኛል።

ይህ ሁሉ ቢሆንም ልቤ አልበረደም። ለፍተሻ 400 ድርሃም ከፍዬ መኪናውን ወደ ጋሼ ጋራዥ ወሰድነው። ሞተሩ ቀዝቃዛ ሆኖ እንዲጠብቀን አስቀድሜ ለሻጩ ነግሬው ነበር፤ ስንደርስ ጋሼ መጀመሪያ ያደረገው እጁን ኮፈኑ ላይ ማሳረፍ ነው። ሻጭ ሞተሩን አስቀድሞ ካሞቀው፣ በብርድ አነሳስ ጊዜ የሚታየው ሰማያዊ ጭስ ይደበቃል። ሰማያዊ ጭስ ዘይት እየተቃጠለ ነው ማለት ነው፤ ጣፋጭ ሽታ ያለውና የማያቋርጥ ነጭ ጭስ የራዲያተር ውኃ በቴስታታው ጓርኒሲዮን በኩል እየገባ ነው ማለት ነው። ከዚያም የሞተሩን ኮምፒውተር አነበበ፤ ይህ ኮምፒውተር ሞተሩ ሲያንኳኳ መዝግቦ ጉልበቱን ይቀንሳልና። በመጨረሻ ካንዴላዎቹን ፈትቶ የእያንዳንዱን ሲሊንደር ግፊት ለካ። ሦስቱ 145፣ 142 እና 147 ሰጡ። አራተኛው 108 ሰጠ።

ጋሼ መለኪያውን ሁለት ጊዜ ደገመ። ከዚያ እጁን በጨርቅ ጠርጎ፣ «ይሄዳል፤ ዛሬም ነገም ይሄዳል። መቼ እንደሚቆም ግን አንተ አትመርጥም» አለ። ሞተሩን አውርዶ ለመሥራት ከ14,000 እስከ 18,000 ድርሃም እንደሚፈጅ ገመተ። ሻጩ ይህን ሲሰማ አልተከራከረም፤ ዋጋውን ወደ 27,000 አወረደው።

ውድ አንባብያን፤ ፈተናው የበረታው እዚህ ላይ ነው። መጥፎ ዜና ዋጋን ሲቀንስ፣ ዜናው መልካም የሆነ ይመስላል። በልቤ «7,000 ድርሃም አተረፍሁ» ማለት ጀምሬ ነበር። ሒሳቡ ግን እንዲህ ነው፦ 27,000 ሲደመር 16,000 ከመጀመሪያው 34,000 በ9,000 ይበልጣል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይላሉ አባቶቻችን፤ እዚህ ግን የፈሰሰው ተለቅሞ የማያልቅ ነበር።

አሁን ወደ ፍርዱ ልግባ። እስካሁን የተናገርሁት ስለ መኪናው ነው። በእውነት መመርመር የነበረበት ግን ገንዘቡ ነው።

ገንዘቡ የዕቁብ ነበር። ሃያ አራት ሰዎች ነን፤ በየወሩ 1,500 ድርሃም እንጥላለን፤ አንዱ በየተራው 36,000 ይወስዳል። ዕጣው ለእኔ በዘጠነኛው ወር ወጣልኝ። ዕቁብ ያልገባ ሰው «36,000 ድርሃም አለው» ይለኛል። ዕቁብተኛ ግን እንደዚያ አይልም። ገና አሥራ አምስት ወር መጣል ይቀረኛል፤ በ1,500 ሲባዛ 22,500 ነው። እንግዲህ በእጄ ከነበረው ውስጥ በእውነት የእኔ የሆነው 13,500 ብቻ ነው። የቀረው የአሥራ አምስት ሰዎች ተራ ነው፤ በእኔ ኪስ ቢቀመጥም ስሙ የእነርሱ ነው። ደሞዜ 3,500 ነው፤ ከዚያ ላይ ለዕቁቡ፣ ለአገር ቤትና ለመኪና ዘይት፣ ጎማ፣ ቤንዚን፣ ኢንሹራንስ አብሬ መክፈል እንደማልችል ለማወቅ ጥበብ አያስፈልግም፤ አንድ ወረቀትና እስክሪብቶ ይበቃል።

ዕጣው ሲወጣልኝ ዋስ የሆነችኝ አንዲት እናት አለች። በሰው ቤት ለዐሥራ አራት ዓመታት ሠርታለች፤ «እትዬ» እላታለሁ። ስለ መኪናው ነገርኋት፤ እንድትከለክለኝም ጠብቄ ነበር። እርሷ ግን እንዲህ አለችኝ፦ «ልጄ፣ ዕጣው የወጣው ላንተ ነው፤ እኔ አልከለክልህም። አንተም ሰው ነህ፤ ደስ ሊልህ ይገባል። ግን ወር በመጣ ቁጥር ስልክህን በጭንቀት የምጠብቅ አታድርገኝ።» ከዚህ በላይ አልተናገረችም። በዚያች ምሽት የአራተኛውን ሲሊንደር ቁጥር ረሳሁት፤ የእርሷን ቃል ግን መርሳት አልቻልሁም። ሞተሩ ቢሰበር እኔ እከስራለሁ፤ እኔ ካልጣልሁ ግን የምትከፍለው እርሷ ናት፤ ያውም ከአንድ ሺህ ጥቂት ከፍ ከሚል ደሞዟ።

ለስደተኛ ሌላም ነገር አለ። በዚህ አገር ያለን ንብረት ሁሉ በመኖሪያ ፈቃዳችን ላይ የተንጠለጠለ ነው። ፈቃዱ የተሰረዘ ቀን መኪናውን በጥድፊያ መሸጥ አለብን፤ ስሙን ለማዛወርም ያለበት ቅጣት ሁሉ አስቀድሞ ይከፈላል። ተራ ቶዮታ በአንድ ቀን ገዢ ያገኛል። የተቀየረ፣ ብዙ የሄደና አንድ ሲሊንደሩ የደከመ መኪና ግን ገዢውን ለመጠበቅ ጊዜ ይፈልጋል፤ የሚቸኩል ሰው ደግሞ ጊዜ የለውም። «ወደ አገር ቤት እወስደዋለሁ» የሚለው የድሮ ማጽናኛም ዛሬ አይሠራም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪኖች ላይ ከባድ ግብር ጣለ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ ኢትዮጵያ እንዳይገቡ ተከለከለ። ስለዚህ እዚህ የምንገዛው ቤንዚን መኪና እዚሁ ይቀራል።

ፍርዴ ይህ ሆነ፦ መኪናው ክፉ አይደለም፤ ምኞቴም ኃጢአት አይደለም፤ ገንዘቡ ግን ለዚህ ነገር ገና የእኔ አልሆነም። ሦስተኛው ሥራ፣ ማዘዝ፣ የቀረው ለእጄ ነበር። ለሻጩ ደወልሁና ጊዜውን ስለ ሰጠኝ አመስግኜ እንደማልገዛው ነገርሁት፤ የአራተኛውን ሲሊንደር ነገርም ለሚቀጥለው ገዢ እንዲነግር ለመንሁት። 22,500ውን በሌላ ሒሳብ አስቀመጥሁ። ለእትዬ ስነግራት «እሺ ልጄ» ብቻ አለች፤ ከድምፅዋ ግን አንድ ሸክም እንደወረደላት ሰማሁ።

ይህን የጻፍሁት ማንም ፈጣን መኪና አይግዛ ለማለት አይደለም። ከወንድሞቻችን መካከል ሙያው ያላቸው፣ ሞተር ፈትተው መግጠም የሚችሉ፣ ገንዘቡ ከዕዳና ከቃል ነጻ የሆነላቸው አሉ። እነርሱ ቢገዙና ቢደሰቱ እኔም አብሬ እደሰታለሁ። ለእነርሱም ቢሆን የምመክረው ይህን ነው፦ በተቻለ መጠን ያልተነካ መኪና ምረጡ፤ የተቀየረ ከሆነ ፈቃዱና ደረሰኙ ይኑር፤ የሲሊንደር ግፊት ሳታስለኩ አትክፈሉ፤ ከመግዣው ሌላ የዋጋውን ሢሶ ያህል ለጥገና አስቀምጡ፤ ያ ሢሶ ከሌላችሁ ዋጋው ከአቅማችሁ በላይ ነው። ፍጥነቱን የምትፈልጉ ከሆነ ደግሞ ቦታው የሸይኽ ዛይድ መንገድ አይደለም። ከ2004 ጀምሮ የተከፈተው የዱባይ አውቶድሮም አለ፤ አንድ ቀን ከፍሎ መንዳት ይቻላል፤ በዚያ የሚያልፍ እግረኛ የለም።

መኪና የማያስደንቃችሁም ብዙዎች እንደምትኖሩ አውቃለሁ። የእናንተ ፈተና ወርቅ፣ ስልክ፣ በአገር ቤት በፎቶግራፍ ብቻ የታየ መሬት ሊሆን ይችላል። ዋጋው ሲወርድላችሁ «ለምን ወረደ?» ብላችሁ ጠይቁ። በእጃችሁ ያለውን ገንዘብ ስትቆጥሩ የማን እንደሆነም አብራችሁ ቁጠሩ። ነገሩ ቢበላሽ ከእናንተ ሌላ ማን እንደሚከፍል በስም ጥሩት፤ ያን ሰው ፊት ለፊት አይታችሁ ልትነግሩት የምትችሉት ከሆነ ግዙ፤ ካልቻላችሁ ቆዩ።

እኔ እየቆየሁ ነው። ዕቁቡ ሊያልቅ ስድስት ወር ቀርቶታል። የዚያ ሞተር ድምፅ በመንገድ ሲያልፍ እስካሁን አንገቴን አዞራለሁ፤ ይህንንም አልደብቃችሁም።